በንጉሡ ሠ የጠፋ ክፍል

በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ትልቁም ትንሹም «ጋሼ ንጉሡ» ይለዋል። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ግን ይህ አይደለም፤ ስሙን ያወጣለት ፊደል ነው። በጆሮ ሲሰሟቸው አንድ፣ በዓይን ሲያዩዋቸው ሁለት የሆኑ ፊደላት አሉ፤ አንዱን እሳቱ ሰ፣ ሌላውን ንጉሡ ሠ ይሏቸዋል። ይህ ሰው ከወጣትነቱ ጀምሮ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ በባልደረቦቹ ጽሑፍ ላይ እያጎነበሰ «ይኼ በንጉሡ ነው! ስንቴ ልንገርሽ፣ በንጉሡ ነው!» ሲል ኖረና ስሙ በዚያው ጸደቀ።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ድመት ደረጃ ላይ ተኝታ ቢያገኝ እንዳትነቃ ዞሮ የሚያልፍ ሰው ነው። ፊደል ላይ ሲደርስ ግን ደሙ ይፈላል። «ሥራ» የሚለውን ቃል በእሳቱ ሰ የጻፈ ሰው ሲያገኝ «ሥራውን እሳት ለቀቅክበት እኮ!» ይላል። ቀልድ መሆኑ ነው፤ ፊቱ ግን አይስቅም።

የሚሠራው መጻሕፍት መመዝገብ ነው። አንድ መጽሐፍ ሲገባ ርእሱን፣ የጻፈውን ሰውና የተቀመጠበትን መደርደሪያ በትንሽ ካርድ ላይ ይጽፋል፤ ካርዱም በፊደል ተራ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ይህን ሲሠራ ነው ጸጉሩ የሸበተው።

ቤቱ ድሮ የጨው መጋዘን ነበር። ዛሬም ክረምት ሲገባ ግድግዳው ጨው ያልበዋል፤ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያሉት መጻሕፍት ጀርባቸው ነጭ ይሆንና በብሩሽ ይጠረጋሉ። መጋዘኑን ቤተ መጻሕፍት ያደረገችው ባሏ የሞተባት አንዲት የሐኪም ሚስት ናት። የባሏን መጻሕፍት በሳጥን በሳጥን አድርጋ፣ በጋሪ አስጭና መጣችና ጨዉን ጠራርጋ ደረደረቻቸው። እስከ ዛሬ «እመት ሳጥን» እያሉ ያነሷታል። ከዚያ በኋላ ቤቱ እየሰፋ ሄደ። ፍርድ ቤቱ የቆዩ የፍርድ ጥራዞቹን ላከ። ጋዜጦች በየዓመቱ እየተጠረዙ መጡ፤ ማተሚያ ቤቱ የተቃጠለበት ዓመት ብቻ ጎደሎ ነው። ዛሬ የደረቁ ወንዞች የሚፈሱባቸው ካርታዎች መጡ። ዓይን ለሌላቸው በጣት የሚነበቡ፣ ለልጆች ደግሞ ሥዕል የበዛባቸው መጻሕፍት ገቡ። ፎቅ ተጨመረ፣ ከኋላ ክንፍ ተቀጠለ፤ አሁን እንግዳ ሰው በአንድ በር ገብቶ በሌላ ሰፈር በኩል ይወጣል።

እመት ሳጥን ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ግን አንድ ክፍል ነበር፤ የእጅ ሥራ ክፍል። መጻሕፍቱን የሰበሰበቻቸው ከገበያ አይደለም። ጡብ ጣዩ፣ ሳሙና ቀቃዩ፣ ጫማ ሰፊው፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ያለበት ድረስ ሄዳ፣ ጉቶም ሆነ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ፣ «በል ንገረኝ፣ እንዴት ነው የምትሠራው?» ትላለች። የነገሯትን እንደ አነጋገራቸው ትጽፍና በቀጭን መጽሐፍ ታሳትመዋለች። ርእሱ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ «የሳሙና ሥራ»፣ «የጫማ ሥራ»፣ «የጣሪያ ሥራ»። የንጉሡ አባት ጡብ ጣይ ነበሩ፤ ፊደል ግን አንድም አይለዩም። እሷ ተናገሩ ብላቸው ተናገሩና «የጡብና የምድጃ ሥራ» የሚል መጽሐፍ ወጣላቸው። መጽሐፉን ተገልብጦ ቢሰጧቸው እንደተገለበጠ ይዘውት ለጎረቤት ሲያሳዩ ዋሉ።

በድሮ ጊዜ አንባቢ ወደ ባንኮኒው ይመጣና «ጋሼ፣ ያቺ የሳሙናዋ አለች?» ይላል። ንጉሡ ሄዶ ያመጣለታል፤ አፍ ፊደል የለውም። በኋላ ኮምፒዩተር መጣ። ካርዶቹን ወደ ማሽኑ የሚገለብጡ ጸሐፊዎች ተቀጠሩና «ሥራ» የሚለውን ሁሉ «ስራ» እያሉ ጻፉት። ለምን ቢሉ፣ እሳቱ በአንድ ቁልፍ ይወጣል፤ ንጉሡን ለማውጣት ግን ሁለት ቁልፍ ደርቦ መጫን ይጠይቃል። ጋሼ ንጉሡ ይህን ሲያይ ሊያብድ ደረሰ። ክረምቱን ሙሉ ተቀምጦ፣ ወገቡ እስኪቆረጥ፣ ዓይኑ እስኪቀላ፣ እያንዳንዱን ርእስ በንጉሡ መልሶ ጻፈው። ሲጨርስ እንዲህ ያለ ኩራት በዕድሜው ተሰምቶት አያውቅም።

ብዙም ሳይቆይ ባንኮኒው ተነሣ። በቦታው ማሽኖች ተተከሉ። አንባቢው የሚፈልገውን ራሱ ይጽፋል፤ ማሽኑ ካገኘለት የመደርደሪያ ቁጥር ያለበት ብጣሽ ወረቀት ይተፋለታል፤ ካላገኘ «አልተገኘም» ይለዋል። ንጉሡም ላይኛው ፎቅ ላይ፣ መስኮቷ ግድግዳ የምታይ ጠባብ ክፍል ተሰጠው።

አንድ ጠዋት ዳይሬክተሯ ሠራተኛውን ሰበሰበች። ጎበዝ ሴት ናት፤ ብቻ ቁጥር ስታይ ሌላ ነገር አይታያትም።

«የእጅ ሥራ ክፍሉን ማንም አይጠይቀውም» አለች። «ይኸው፣ ማሽኑ የመዘገበው ነው። ዓመት ሙሉ የተጠየቀው በጣት የሚቆጠር ነው። ክፍሉን የስብሰባ አዳራሽ እናደርገዋለን። መጻሕፍቱ ከከተማ ውጭ ወዳለው መጋዘን ይሄዳሉ።»

«መጋዘኑ ያፈሳል» አለ ንጉሡ።

«ይጠገናል፣ ጋሼ።»

«ይጠገናል ሲባል እኔ ጸጉሬ ጥቁር ነበር።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳይሬክተሯም ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን ክረምት ሳይገባ ይወጣል ብላ ቀን ቆረጠች።

ንጉሡ እየተነጫነጨ ደረጃውን ወጣ። የተናደደው በእሷ ብቻ አይደለም፤ በአንባቢውም ነው። «ሰው ሥራ ጠላ» አለ ለብቻው። «ጡብ መጣል ማን ይፈልጋል? ሳሙና መቀቀል ማን ይፈልጋል? ሁሉ ቁጭ ብሎ መብላት ሆነ።» የአባቱ መጽሐፍ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ሲሻግት ታየውና ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

እህቱ በዕድሜ ትበልጠዋለች፤ እትዬ ነው የሚላት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ዳቦ እየጋገረች፣ እየሸጠች ያስተማረችው እሷ ናት። የራሷ ዕድሜ ግን ፊደል ሳትቆጥር አለፈ። ጉልበቷ ሲደክም፣ ዓይኗም ክር መርፌ ማስገባት ሲያቅተው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ውስጥ ወደሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት ገባች። መጀመሪያ ራሷ ያነበበችው «ጸጉር ቤት» የሚል የሱቅ ሰሌዳ ነው። መንገድ ዳር ቆማ አለቀሰች ይላሉ ያዩዋት፤ እሷ አቧራ ገብቶብኝ ነው ትላለች።

አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት። እሷ ዛሬም ትጋግራለች። በዚያ ሰሞን ምድጃዋ ተሰነጠቀባት። ግንበኛ መጣና በሲሚንቶ መረገው፤ እሳት ሲነካው እንደገና ተሰነጠቀ። ሌላ ግንበኛ መጣ፤ እሱም ሲሚንቶ። «እናንተ ሰዎች ከሲሚንቶ ሌላ አትማሩም?» ብላ አባረረችው። ይኼኔ አባቷ ትዝ አሏት። የሳቸው ምድጃ እሷ ልጅ ሆና ተሠርቶ፣ ተድራ ወልዳ ስትመለስ አንድ ስንጥቅ አልነበረበትም። ነገሩን ደግሞ ተናግረውታል፤ ተጽፏል። እሷም አሁን ማንበብ ትችላለች። ለወንድሟ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ያን ዕለት ንጉሡ ከሥራ ሲመለስ ሻዩን ከፊቱ ዘጭ አድርጋ አስቀመጠችለት፤ ግማሹ ሰሃኑ ላይ ፈሰሰ።

«አባባን ጣላችኋቸው አይደል?» አለችው።

«ምን ማለትሽ ነው፣ እትዬ?»

«ማሽናችሁን ጠየቅኩት። አልተገኘም አለኝ። ስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። አልተገኘም አለኝ። ሦስተኛ ብጠይቀው ሊሰድበኝ ነው ብዬ ወጣሁ።»

«አለ እንጂ! በዚህ በእጄ ነው የመዘገብኩት!»

«እንግዲያ ከሁለት አንዳችሁ ውሸታም ናችሁ። እኔ ማሽኑን ነው የማምነው፤ ምን አጥቶ ይዋሻል?»

በማግስቱ አብረው ሄዱ። እትዬ ማሽኑ ፊት ቆመች፤ ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ በአንድ ጣት፣ ሰው ጥሬ እንደሚለቅም ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች ጻፈች። የ… ጡ… ብ… ና… ንጉሡ ከኋላዋ ቆሞ ትንፋሹን ያዘ። ጨረሰች። «አልተገኘም።»

«አየህ!» አለች።

«እትዬ!» ድምፁ ሳያስበው ጮኸ። «ሥራን በእሳቱ ሰ ጻፍሽው እኮ! በንጉሡ ነው! ይኼን የማያውቅ ሰው አለ?»

አዳራሹ ውስጥ የሚያነቡ ሰዎች ቀና አሉ። እትዬ ቀስ ብላ ዞረች።

«አለ» አለችው። «እኔ።»

ንጉሡ ሊያርመው እጁን ወደ ቁልፎቹ ሰደደ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ከዚሁ ቤት፣ ከዚህ ከእግርህ ሥር ነው የተማርኩት። አስተማሪያችን ‹ሁለቱም አንድ ድምፅ ናቸው፣ እናቶች፣ አትጨነቁ› አለችን። አልተጨነቅኩም። አንተ ደግሞ ላይ ፎቅ ተቀምጠህ አንዱን ቆልፈህበታል። ለየትኛችሁ ልታዘዝ?»

እሱ በእፍረት ሁለቱን ቁልፍ ደርቦ ተጫነ። ርእሱ ወጣ፤ ብጣሽዋ ወረቀት ተተፋች። ሊሰጣት እጁን ዘረጋ። አልተቀበለችውም።

«አንተው አንብበው። ማሽኑ ለኔ ሲሰጠኝ እወስዳለሁ» ብላ ቦርሳዋን አስተካክላ ወጣች። ሲከተላት በሩ ላይ «አትከተለኝ፣ ሰው ያያል» አለችው።

ንጉሡ ወረቀቷን ይዞ እዚያው ቆመ። አንድ ልብሱ በኖራ የነጣ ሰው መጣና «የልስን ስራ» ብሎ ጻፈ። አልተገኘም። ሰውየው ከንፈሩን መጦ ሄደ። ቀጥላ አንዲት ሴት «የልብስ ስፌት ስራ» አለች። አልተገኘም። «ድሮ ነበር እኮ እዚህ ቤት» አለች ለማንም ሳይሆን። ንጉሡ ጆሮው እንደ ምጣድ ጋለ። የሚጠይቅ ሰው አልጠፋም። ማሽኑ የሚመዘግበው ያገኘውን ብቻ ነው፤ ያላገኘው አይቆጠርም። ከነዚህ ሰዎች አንዱም በንጉሡ ሠ አይጽፍም፤ ያ ክፍል ደግሞ የተሠራው ለእነዚህ ሰዎች ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ነው።

በሩጫ ወደ ኮምፒዩተር ክፍል ወረደ። እዚያ አንድ ቴክኒሻን አለ፤ ጠረጴዛው የሽቦ ጎጆ የሚመስል፣ ሁሉ «ኢንጂነር» የሚለው ጎልማሳ።

«ማሽኑ እሳቱንና ንጉሡን አንድ አድርጎ እንዲፈልግ አድርግልኝ» አለው።

«አይሆንም፣ ጋሼ። ለማሽኑ ሁለቱ ፍጹም የማይገናኙ ፊደላት ናቸው። እንደ ለ እና መ ማለት ነው።»

ንጉሡ ለአፍታ ደስ አለው። «በዚህ ሕንፃ ውስጥ እንደኔ ፊደል የሚለይ ፍጡር ተገኘ ማለት ነው?»

«ተገኘ። የተጣሉትም ከእሱው ጋር ነው።»

«አስተካክለው እንጂ!»

«ፕሮግራሙን የሸጡልን ሰዎች ናቸው የሚያስተካክሉት። በዳይሬክተሯ በኩል ይጠየቃል፣ እነሱ ያጠኑታል፣ ዋጋ ያቀርባሉ…»

«መቼ ይደርሳል?»

ኢንጂነር ጣራውን አየ። «እርስዎ ጡረታ የሚወጡት መቼ ነው?»

«ታዲያ ርእሱን ሁለት ጊዜ ብጽፈውስ? አንዴ በንጉሡ፣ አንዴ በእሳቱ?»

«ርእስ የሚገባበት ቦታ አንድ ነው። አንዱን መምረጥ ነው።» ከዚያ ቀለል አድርጎ፣ «‹ስራ› ይበሉትና ይገላገሉ፣ ጋሼ። ማን ይሞታል?» አለ።

ንጉሡ በሩን ሲዘጋው ግድግዳው ጨው አራገፈ።

እጁን ሊሰጥ ግን ገና አልተዘጋጀም ነበር። ላይ ወጥቶ በትልልቁ ማስታወቂያ ጻፈ፤ «ውድ አንባቢ፣ ‹ሥራ› የሚለው ቃል በንጉሡ ይጻፍ።» በየማሽኑ አናት ለጠፈው። ሰዉ እንዲገባው ነው ያሰበው። በማግስቱ ያ ኖራ የለበሰ ለሳኝ ደረጃውን ሁሉ ወጥቶ፣ እያለከለከ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሼ ንጉሡ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ፤ ምን ነበር?»

«ታች በንጉሡ ይጻፍ ይላል። እንዲጽፉልኝ ነበር።»

ንጉሡ ሰውየውን ትክ ብሎ አየው። የሚያሾፍበት መስሎት ነበር፤ ሰውየው ግን ከልቡ ነው። ሊቆጣም አልቻለ፣ ሊስቅም አልቻለ። አብሮት ወርዶ ጻፈለት። ገና እጁን ሳያነሣ ከኋላ ሌላ ሰው፣ «ንጉሡ አንተ ነህ? እኔም አለሁ» አለ። ያን ቀን ሲወጣና ሲወርድ ዋለ። ሥራው ተከምሮ አደረ። ማታ ሲገባ እትዬ ዳቦዋን ከጎረቤት ምድጃ ተሸክማ ስትመጣ አገኛት፤ ልቀበልሽ ቢል «ይከብድሃል፣ በእሳቱ ነው የተጋገረው» አለችው።

ማስታወቂያውም አልሰነበተም። አንዱ በእስክሪብቶ «ንጉሡ ሻይ ላይ ነው» ብሎ ጨመረበት። ጽዳት ሠራተኛዋ ደግሞ መስተዋቱን ስትጠርግ ገነጠለችው።

በዚህ መሀል የመጋዘኑ መኪና መጣ። ተሸካሚዎቹ ከበሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ጀመሩ፤ ሳሙናው፣ ሻማው፣ ቆዳው በካርቶን እየታሰረ ወረደ። ንጉሡ ደረጃው ላይ ሆኖ ሲያልፉ አያቸው። አንዱ ካርቶን ሥሩ ተበሳና ቀጫጭን መጻሕፍት ተዘረገፉ። ተሸካሚው አንዷን አንሥቶ ሽፋኗን አነበበ፤ «የገመድ ሥራ። ይኼ ለኛ በጠቀመን» ብሎ መልሶ ጨመራት። ንጉሡ ከዚህ በኋላ መቆም አቃተው።

ክፍሉ ገብቶ ማሽኑን ከፈተ። መጀመሪያ ያወጣው የአባቱን ነው። «የጡብና የምድጃ ሥራ» ይላል። ጣቱን አስቀመጠ፤ አነሣ። ውሃ ጠጣ። መነጽሩን ጠረገ። አርባ ምክንያት ፈልጎ አንዱም አልበቃ አለው። በመጨረሻ ጥርሱን ነክሶ ሠን አጠፋና በቦታዋ ሰን ጻፈ። አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ለዚያ ሁሉ ክርክር በጣም ቀላል ሆኖ አገኘውና ይበልጥ ተናደደ። ከዚያ የልስኑን። ከዚያ የስፌቱን። ርእስ በርእስ ሲሄድ እያንዳንዷ «ስራ» እንደ ጫማ ጠጠር ትቆረቁረዋለች። አንዴ ከአጠገቡ የምትሠራው ጸሐፊ በሩን ገፋ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ማን ጋር ነው የሚሰዳደቡት?» አለችው።

«ከራሴ ጋር። ዝጊው።»

ለውጡ ወዲያው ነው የታየው። ለሳኞች መጡ፤ ልብስ ሰፊዎች መጡ፤ ከአውቶቡስ ጣቢያው አንድ ሾፌር «የመቀመጫ ስፌት ስራ» ብሎ ወረቀት አወጣ። ማሽኑ ወረቀት ሲተፋ ዋለ። በወሩ መጨረሻ ዳይሬክተሯ ንጉሡን አስጠራችው።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው ነገሩ? ሰው ሁሉ ድንገት ሥራ ወደደ?»

ነገራት። ከጨው መጋዘኑ ጀምሮ ሊነግራት ነበር፣ እሷ ግን ሰዓት አየች፤ አሳጠረላት።

«እንግዲህ ስሕተቱ የእርስዎ ነበር ማለት ነው» አለች።

«ስሕተት አልነበረም!» ንጉሡ ጠረጴዛውን ሊመታ እጁን አነሣና መለሰው። «ትክክል ነበር። ዛሬ ያለው ነው ስሕተት።»

«በትክክሉ አጣን፣ በስሕተቱ አገኘን ነው የሚሉኝ?»

«እሱን ነው የምልዎት።»

ዳይሬክተሯ እንደ መሳቅ ብላ ተወችው። ክፍሉ እስከሚቀጥለው ዓመት ባለበት ይቆያል አለች። ይቀራል አላለችም፤ ይቆያል ነው ያለችው። የሄዱትን ካርቶኖች ሲጠይቃት ደግሞ፣ መጋዘን የገባ ዕቃ የሚወጣው በሌላ ፊርማ ነው፣ ፈራሚው ደግሞ እረፍት ላይ ነው አለችው። ሳሙናውና ሻማው በሚያፈሰው መጋዘን እንዳሉ ዝናብ ጀመረ። ንጉሡ በየጠዋቱ ወደ ፈራሚው ቢሮ ሄዶ ባዶውን ወንበር አይቶ ይመለሳል፤ ሲመለስ ባገኘው ሰው ይነጫነጫል።

እትዬ በአንድ ከሰዓት መጣች። ንጉሡ ከላይ በደረጃው መካከል አያት፤ አልወረደም፣ እንዳይከተላት ብላዋለችና። በአንድ ጣቷ ለቀመች። የ… ጡ… ብ… ና… መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷ አየር ላይ ቆየች፤ ከዚያ እሳቱን ሰ ተጫነች። ወረቀቷ ወጣች። እትዬ ወረቀቷን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ አራቀች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ከዚያ ቁጥሩን እንዳላነበበች ትዝ አላትና መልሳ አወጣችው።

ኋላ የእጅ ሥራ ክፍሉ ውስጥ ሲያገኛት መጽሐፉን ዘርግታ በጣቷ እየተከተለች ድምፅ አውጥታ ታነባለች። «እንግዲህማ… ጭቃ… እንደ ሊጥ ነው። ካልታሸ… አይታዘዝም። እሳት የሚነካው ጡብ… ገለባ አይገባበትም፤ የተፈጨ… አሮጌ ጡብ ነው የሚገባበት። እንግዲህማ…» አቆመችና ቀና አለች። «‹እንግዲህማ› ብለዋል፣ አየህ? ሁሌ እንዲህ ይሉ ነበር፤ ሰው ሊሸኙ ሲነሡ እንኳ። እመት ሳጥን አንድም ሳትነቅልባቸው ጽፋዋለች።»

 «አሮጌ ጡብ» አለ ንጉሡ። «ሲሚንቶ ሲያደርጉብሽ ከርመው።»

«ዛሬ አትጀምር። ልጨርስ።»

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ግን ንጉሡ ሌላ ነገር አየ። አንዲት እናት ማሽኑ ላይ «የህጻናት በሽታ» ብላ ጽፋ አልተገኘም ተባለች። እሱ ላይ ሆኖ «ሕፃናት» ብሎ መዝግቦታል፤ በሐመሩ ሐ፣ በፀሐዩ ፀ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው። ሕግ የሚለው ቃል አለ። ሕክምና አለ። ዓለም አለ። ፍርድ ቤቱ ያመጣቸው ጥራዞች፣ የሐኪሙ የራሱ መጻሕፍት፣ የልጆቹ ክፍል፤ ያ ሁሉ ሳጥን፣ ያ ሁሉ ፎቅ በሱ ቀይ እስክሪብቶ እየታረመ ጠፍቷል። «መጽሐፍ» የሚለው ቃል ራሱ ስንት ዓይነት ይጻፋል? ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። ኢንጂነርን ቢጠይቀው፣ የሻጮቹ መልስ ገና አልመጣም አለው።

አሁን ደግሞ አዲስ ጭንቅ መጣ፤ ሰው የቱን ፊደል እንደሚጽፍ በምን ይወቅ? እሱ ራሱ ለመሳሳት ቢሞክር እጁ እምቢ ይለዋል፤ ስሕተቱን እንኳ አስተካክሎ ነው የሚሳሳተው። በመጨረሻ እትዬን ለመናት። ምድጃዋ ተሠርቶ፣ የጠዋት ዳቦዋን ሸጣ ስትጨርስ ትመጣለች፤ እሱ ጎን ወንበር ስባ ትቀመጣለች። እሱ ርእሱን በቃል ይነግራታል፣ እሷ እንዴት እንደምትጽፈው ትነግረዋለች፣ እሱ እያቃሰተ እንዳለችው ይጽፋል። እንዲህ ተባብለው ጀመሩ።

«በይ እትዬ፣ ‹ሕፃናት›። እንዴት ነው የምትጽፊው?»

እትዬ ቀና ብላ ተቀመጠች። ጉሮሮዋን ጠረገች። «በሐመሩ ሐ» አለች፤ «ቀጥሎ በፀሐዩ ፀ።»

ንጉሡ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሣ። «ምን አልሽ?»

«በሐመሩ ሐ። ሐመር ጀልባ ነው። በጸሎቱ ጸ እንዳይመስልህ፣ በፀሐዩ ነው።»

«እትዬ፣ ሙት በይኝ፣ ማን አስተማረሽ?»

«ራሴ ነኛ! ሰው ፊት አዋርደኸኝ ዝም ልል ኖሯል? ምድር ቤት ያለችውን አስተማሪ አስቸግሬ፣ ማታ ማታ ስጽፍ ከረምኩ። ንጉሡንም አውቀዋለሁ አሁን፣ ብዙኃኑንም። ጠይቀኝ!»

«አልጠይቅሽም! ያልተማረች እትዬን ነው የምፈልገው!»

«እሷማ አንተ ጮኸህባት ሄደች» አለች እትዬ፤ ሳቋ መጣባትና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ንጉሡ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ከፈተና ወደ ኮሪደሩ ጮኸ፤ «ሕፃናትን በሀሌታው የሚጽፍ ሰው አለ? ማንም ይሁን! አሁን ይምጣልኝ!»